በጎንደር ለምትኖሩ ወላጆች፦ ልጄን ሒሳብ ያስጠኑልኝን መምህር ላመስግን

የአራተኛ ክፍል ልጄ ሒሳብ በተነሣ ቁጥር ፊቱ ይጠቁር ነበር። «ጭንቅላቴ አይቀበልም» ማለት ከጀመረ በኋላ እንቅልፍ አጣሁ። በጎረቤት ጥቆማ፣ ማራኪ አካባቢ የሚኖሩ ጡረታ የወጡ መምህር ቤታችን እየመጡ ያስጠኑት ጀመር።

የመጀመሪያው ቀን መጠይቅ ይዤ ቀረብኩ። ኢንተርኔት ላይ አግኝቼ ልጄን ባስሞላው «በማየት የሚማር» የሚል ውጤት ወጥቶለት ነበር። «ስለዚህ ሁሉንም በሥዕል ያስተምሩልኝ» አልኳቸው። በትዕግሥት አዳመጡኝ። በማየት፣ በመስማት፣ በማንበብና በመጻፍ፣ በእንቅስቃሴ የሚለውን አከፋፈል የኒውዚላንዱ ኒል ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1992 እንዳስተዋወቀው ነገሩኝ። እ.ኤ.አ. በ2008 ግን የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሃሮልድ ፓሽለርና ሦስት ባልደረቦቹ ጥናቶቹን መርምረው፣ ትምህርትን ከተማሪው «ዓይነት» ጋር ማዛመድ ውጤት ያሻሽላል ለማለት በቂ ማስረጃ አላገኙም።

«ልጁ የሚወደው መንገድ ይኖረዋል፤ ትምህርቱም የራሱ መንገድ አለው» አሉኝ። «የቤተ ክርስቲያን አቋቋም የሚማረውን ደቀ መዝሙር አይተውት የለም? በጆሮው ይሰማል፣ በእግሩ ያሸበሽባል፣ በእጁ ጸናጽሉን ይይዛል።» ጎንደር ተወልጄ አድጌ ነገሩን እንዲህ አስቤው አላውቅም ነበር።

ልጄ ስምንት ከአራት ስለሚበልጥ አንድ ስምንተኛም ከአንድ አራተኛ ይበልጣል ብሎ ያምን ነበር። መምህሩ «ተሳስተሃል» አላሉትም። ሁለት እኩል ወረቀቶች ሰጥተው አንዱን ሁለት ጊዜ፣ ሌላውን ሦስት ጊዜ በግማሽ በግማሹ እንዲያጥፍ አዘዙት። ዘርግቶ ከእያንዳንዱ አንዳንድ ክፍል ቀለም ቀባና ጎን ለጎን አስቀመጣቸው። ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ አያቸው። ከዚያ ያየውን በራሱ ቃል እንዲያስረዳኝ ወደ ኩሽና ላኩት። «እማዬ፣ ታህቱ ሲያድግ ቁራሹ ያንሳል!» እያለ እየሮጠ መጣ። ሽሮዬን ትቼ አቀፍኩት። ተመልሶም በደብተሩ ጻፈው። በሳምንቱ ያንኑ ጥያቄ ያለ ወረቀት ሲጠይቁት ሳያመነታ መለሰ።

የሁለተኛ ክፍል እኅቱን ንባብ ሲያስጠኑ ደግሞ ወረቀት ማጠፍ የለም። እሷ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ታነባለች፤ እሳቸው ጣታቸውን ከፊደሉ ሥር ያስኬዳሉ፤ የተደናቀፈችበትን ቃል ትጽፈዋለች።

የቤት ሥራ አይሠሩላችሁም፤ ይህን የምትፈልጉ ሌላ ሰው ፈልጉ። ክፍያቸው እኔ ከጠየቅኳቸው ሌሎች አስጠኚዎች ትንሽ ከፍ ይላል፣ ግን ለእኔ አልበዛብኝም። ሰዓት ማርፈድ አይወዱም። በአንድ ጊዜ ከሦስት ልጅ በላይም አይቀበሉም።

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን፤ ዕድሜና ጤና ይስጥዎ። ልጄ ትናንት ማታ ማንም ሳያዘው የሒሳብ ደብተሩን አወጣ።

ስልካቸውን እዚህ አላሰፍርም። ለቅዳሜ ጠዋት የአንድ ልጅ ቦታ እንዳላቸው ነግረውኛል፤ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝና ከእሳቸው ጋር አገናኛችኋለሁ።