ባለ 9,090 ቁራጩ የሌጎ ታይታኒክ፦ ውድ ነው፣ ግን ዋጋውን ያወጣል

የሚገጣጠሙ የፕላስቲክ ጡቦች አምራቹ ሌጎ እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣው የታይታኒክ ሞዴል፣ የካርቶን ቁጥሩ 10294፣ ከኩባንያው ውድ ምርቶች አንዱ ነው። «ለፕላስቲክ ይህን ያህል ገንዘብ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ተገቢ ጥያቄ ነው የጠየቀው። መልሱን ግን ካርቶኑ ላይ ካለው ፎቶ አያገኘውም፤ የሞዴሉ ምርጥ ሥራ ተገጥሞ ሲያልቅ የሚሸፈነው ነውና።

መጀመሪያ ስለ ልኩ። ሞዴሉ የተሠራው በ1 ለ200 ነው። እውነተኛዋ መርከብ 269 ሜትር ገደማ ትረዝም ነበር፣ ይቺኛዋ 135 ሴንቲ ሜትር ናት፤ ሒሳቡ ይገጥማል። በሌጎ ጡብ ላይ ያሉት ጉብታዎች በ8 ሚሊ ሜትር ይራራቃሉ፤ ስለዚህ በዚህ ልክ አንድ ጉብታ 1.6 ሜትር ማለት ነው። የሰው ምስሎች የማይገቡበት ምክንያት ይኸው ነው። ለአሻንጉሊትነት የሚፈልገው ሌላ ይግዛ።

የዋጋው ዋና ምክንያት ትክክለኛነት ነው። ከፊት ጫፍ እስከ ኋላ ድረስ ርዝመቱ ወደ 168 ጉብታ ይሆናል። በእያንዳንዱ ጉብታ ላይ 0.02 ሚሊ ሜትር ብቻ ስህተት ቢኖር፣ ተደማምሮ ከ3 ሚሊ ሜትር ያልፋል። በትንሽ መኪና ላይ ይህ ማንም የማያየው ነገር ነው። በዚህ መርከብ ላይ ግን የጎኑ ግድግዳ ከወለሉ ጋር አልገጥም ይላል፣ መጋጠሚያው ላይ ስንጥቅ ይታያል። ርካሽ ቅጂዎች ብዙ ጊዜ የሚከሽፉት እዚህ ላይ ነው፤ አንዱ ጡብ ከመጠን በላይ ይጠብቃል፣ ሌላው ይላላል፣ ጥቁሩም ከጥቁሩ ይለያል። ሌጎ ደግሞ የጎደለ ቁራጭ ሲገኝ ያለ ክፍያ ይተካል። ከ9,000 በላይ ቁራጭ ባለበት ሥራ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

መርከቧ በሦስት ትከፈላለች። ስትከፈት ትልቁ ደረጃ ስድስት ወለል አቋርጦ ሲወርድ፣ የመመገቢያ አዳራሹ፣ የማጨሻ ክፍሉና የቦይለር ክፍሉ ይታያሉ። ከሁሉም የሚያስደስተው ግን የሞተሩ ክፍል ነው። ፕሮፔለሮቹን በእጅ ስታዞሩ የሞተሮቹ ፒስተኖች ወደ ላይና ወደ ታች ይሄዳሉ። በዚህ ክፍል ላይ በጭራሽ አትቸኩሉ። ዘንጉን የሚይዘው ትንሽ ቀለበት እስከ መጨረሻው ከተጫነ ከግድግዳው ጋር ይፋተግና ዘንጉ ይከብዳል፤ የወረቀት ውፍረት ያህል ክፍተት ተዉለት። እያንዳንዱን እርምጃ ስትጨርሱ ፕሮፔለሩን አንድ ሙሉ ዙር አዙሩት። አንድ ቦታ ላይ ብቻ የሚይዝ ከሆነ አንዱ ፒስተን ተጣሟል፤ ዙሩን ሙሉ የሚከብድ ከሆነ ቀለበቱ ጠብቋል። ወለሉ ከላይ ከተገጠመ በኋላ ይህን ማስተካከል ብዙ ማፍረስ ይጠይቃል።

የሚያሰለች ነገርም አለው፣ መደበቅ አይገባም። የጎኑ ግድግዳና መስኮቶቹ አንድ ዓይነት ሥራ ደጋግመው ያሠራሉ። መመሪያው አንድን ክፍል ብዙ ጊዜ እንድትሠሩ ሲያዝ ቁራጮቹን አስቀድማችሁ በቁጥር ደርድሩ፤ አንዱን ሠርታችሁ ከሥዕሉ ጋር አመሳክሩ፤ ከዚያ ሌሎቹን በአንድ ላይ ቀጥሉ። መጨረሻ ላይ አንድ ቁራጭ ከተረፈ ሥራው የት እንደተሳተ ወዲያው ይታወቃል። (ጥቃቅኖቹ ቁራጮች ግን ሆን ተብሎ በትርፍ ይታሸጋሉ፤ እነሱ ቢተርፉ አትደንግጡ።) ከረጢቶቹ ቁጥር አላቸው፤ የደረሳችሁበትን ብቻ ክፈቱ። የመርከቧ አካል አብዛኛው ጥቁር ስለሆነ በደብዛዛ መብራት ከተሠራ ስህተት አይቀርም።

በምሰሶዎቹ መካከል የሚወጠረው ክር መወጠሪያ አለው። ሲጠብቅ ያምራል፣ ሲበዛ ግን ምሰሶዎቹን ወደ መሃል ይጎትታል። ስለዚህ መርከቧ የምትቀመጥበት ቦታ ከደረሰች በኋላ ብቻ፣ ክሩ መርገቡን እስኪተው ያህል ወጥሩት።

ከመግዛታችሁ በፊት ሜትር ያዙ። 140 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም፣ ከ20 ሴንቲ ሜትር የማያንስ ጥልቀትና ወደ 50 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው፣ መሃሉ የማይረግብ መደርደሪያ ያስፈልጋል። ይህ ቦታ የሌለው ሰው ባይገዛ ይሻላል፤ ለሦስት ተከፍላ የተቀመጠች መርከብ ግማሽ ውበቷን ታጣለች። ፀሐይ በቀጥታ የሚያርፍበት ቦታም አይሆንም፣ የላይኛው ክፍል ነጭ ስለሆነ ይበልዛል። አቧራውን በለስላሳ የሥዕል ብሩሽ አራግፉ፤ ጨርቅ ምሰሶውንና ክሩን ይይዛል። ከቦታዋ ስታነሷት ደግሞ አስቀድማችሁ በሦስት ለያዩአት፣ እያንዳንዱንም ክፍል ከሥሩ በሁለት እጅ ያዙ። ክፍሉን በጭስ ማውጫው ወይም በላይኛው ወለል ይዛችሁ ብታነሱት የያዛችሁት ብቻ ተነቅሎ እጃችሁ ላይ ይቀራል።

ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ ሻጩን ሦስት ነገር አስደርጉት፦ ፕሮፔለሩን ያዙርላችሁ፣ ሦስቱን ክፍሎች ለያይቶ መልሶ ይግጠም፣ ነጮቹን ቁራጮች ከውስጥና ከውጭ ጎን ለጎን ያሳያችሁ። የቀለም ልዩነት ካለ ፀሐይ ላይ ከርሟል፤ ዋጋው በዚያው ልክ ይውረድ።