ከእናቴና ከልጄ ጋር ሲኒማ ስገባ፦ አዲስ አበባ ላይ ያገኘሁት አገልግሎት

ለዕረፍት ወደ አገር ቤት የሚመጣ ሰው ስለ ሆቴልና ስለ ትራንስፖርት ብዙ ስለሚጽፍ፣ እኔ እምብዛም ስለማይነሳው ስለ ሲኒማ ቤት አገልግሎት መጻፍ መርጫለሁ። ቦሌ አካባቢ በሚገኝ አንድ የገበያ ማዕከል ውስጥ፣ ከእናቴና ውጭ አገር ከተወለደችው ልጄ ጋር ሆኜ የተመለከትኩት መኪናቸው በረሃ መሀል ተበላሽቶ በእግራቸው መንገድ የጀመሩ የአንድ አባትና የሁለት ልጆቹን ታሪክ የሚተርክ የቤተሰብ የጀብዱ ፊልም ነበር።

በ2013 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው ቴሌብር መክፈል ስለሚቻል ትኬት መቁረጡ አላስቸገረንም፤ የአገር ውስጥ ሲም ካርድ የሌለው እንግዳ ግን ጥሬ ብር ቢይዝ ይሻለዋል። ወንበሩ ምቹ፣ ምስሉም የጠራ ነበር፤ ድምፁ ግን ናዳው በሚወርድበት ትዕይንት ላይ ልጄ ጆሮዋን እስክትይዝ ድረስ ከልክ አልፎ ነበር።

ዋናው ቅሬታዬ የአማርኛ የግርጌ ጽሑፍ አለመኖሩ ነው። ፊልሙ በእንግሊዝኛ ብቻ በመቅረቡ ልጄ በተሰባበረ አማርኛዋ ለአያቷ በጆሮዋ እየተረጎመች ተመልክተነዋል። የመጨረሻው ውኃ ሲያልቅ አባትየው ኮዳውን ለትንሹ ልጁ ሰጥቶ «እኔ ቅድም ጠጥቻለሁ» ይለዋል፤ ካሜራው ግን ተሰነጣጥቆ በደረቀው ከንፈሩ ላይ ቆሞ ስለሚቀር ውሸቱን ለመረዳት አስተርጓሚ አላስፈለገም። ልጄ ቃሉን እስክታገኝ ድረስ እናቴ «ውይ፣ የኔ ጌታ!» ብላ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወስዳ ነበር። ከፊትም ከኋላም ከንፈር ሲመጠጥ ይሰማል። በምኖርበት አገር ተመልካች ሐዘኑን በየወንበሩ አፍኖ ስለሚይዝ፣ አዳራሽ ሙሉ ሕዝብ ከንፈሩን እየመጠጠ አብሮ ሲያዝን መስማት ከፊልሙ እኩል ልቤን ነክቶታል።

ስንወጣ ስለ ግርጌ ጽሑፉ ሳማርር እናቴ «ያኔስ ሂንዲ የሚያውቅ ማን ነበረና!» ብላ አሳቀችኝ። በወጣትነቷ በሲኒማ አምፒርና በሲኒማ ኢትዮጵያ የሕንድ ፊልም እያየች ታለቅስ እንደነበር ብዙ ጊዜ ነግራናለች። እውነቷን ነው፤ ይሁን እንጂ እነዚያ ፊልሞች ሐዘናቸውን በዘፈንና በዳንስ ያስረዱ ነበር፣ የዛሬው ፊልም ግን ግማሹ ጉዳይ በአባትና ልጅ ቀልድ ውስጥ የተደበቀ ስለሆነ፣ እናቴ በለቅሶው እኩል ብትሆንም ሳቁ አምልጧታል። ልጄ ስትስቅ እናቴ «ምን አለ? ምን አለ?» እያለች ስትጠይቅ፣ መልሱ ሲደርሳት ሌላው ሰው ስቆ ጨርሷል። አያትና የልጅ ልጅን አብሮ ለማስተናገድ የሚፈልግ ሲኒማ ቤት ይህን ሊያስብበት ይገባል።

ሌላው ያልወደድኩት ነገር የአጨራረሱ ጥድፊያ ነው። አባትና ልጆቹ ከተገናኙ በኋላ የባለሙያዎቹ ስም ገና መውረድ ሲጀምር መብራቱ ቦግ አለ፣ በሩ ተከፈተ፣ ጽዳት ሠራተኞችም መጥረጊያቸውን ይዘው ገቡ። ቀጣዩ ተመልካች ውጭ እንደሚጠብቅ ይገባኛል፤ ቢሆንም እንባውን ያልጠረገ ሰው ላይ ያን ያህል መብራት መልቀቅ ተገቢ አይመስለኝም። በሌላ በኩል አስተናጋጇ እናቴን «እማማ፣ ቀስ ይበሉ» እያለች ደረጃውን ደግፋ ማውረዷን ሳላመሰግን አላልፍም፤ እንዲህ ያለ አክብሮት በምኖርበት አገር በገንዘብም አይገኝም።

አዛውንትና ሕፃናት ይዞ ለመግባት ላሰበ ሰው ምክሬ ማታ ከሚታየው ይልቅ የቀኑን ትርዒት እንዲመርጥ፣ ከድምፅ ማጉያው ራቅ ብሎ መሀል ላይ እንዲቀመጥ፣ ትኬት ከመቁረጡ በፊትም ፊልሙ የአማርኛ ጽሑፍ እንዳለው እንዲጠይቅ ነው። ጠያቂው ከበዛ ባለቤቶቹም ማሰባቸው አይቀርም።