የሲ ስትራክትን ከፓይተን ማንበብ፦ የትኛው ይሻላችኋል?

እኛ ጋ ቱሉ ዲምቱ ውሃ በፈረቃ ነው። ስለዚህ ሮቶው ላይ ሴንሰር ገጠምኩ። በሲ የጻፍኳት ትንሽ ፕሮግራም ራዝቤሪ ፓይ (ትንሽዬ ኮምፒውተር) ላይ ሆና ልኬቱን ፋይል ውስጥ ትከታለች፤ እኔ በፓይተን አነባለሁ። አንዱ መዝገብ (ሲ ውስጥ ስትራክት ይባላል፣ የተለያዩ መስኮች አንድ ላይ የታሰሩበት) የሮቶው ቁጥር 1 ባይት፣ ሰዓቱ 4፣ የውሃው ከፍታ 2 ነው። ድምሩ 7፤ ሲ ግን 12 ባይት ይይዝለታል። ሰዓቱ ለ4 በሚካፈል አድራሻ ላይ እንዲያርፍ ከፊቱ 3 ባዶ ባይት፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ 2 ይጨምራል። ይህን ከፓይተን ለማንበብ ሦስት አማራጮች አሉኝ፦ ስትራክት የሚባለው ሞጁል፣ ሲታይፕስ እና ሲኤፍኤፍአይ። ልዩነታቸው እዚህ ላይ ነው የሚታየው።

ሦስቱም በነፃ ናቸው። ክፍያው ጊዜ ነው፣ እዚህ ሰፈር ደግሞ የዳታ ፓኬጅ።

ስትራክት የሚባለው ሞጁል (ስሙ ራሱ ያደናግራል) ከፓይተን ጋር አብሮ ይመጣል። አጭር የፊደል ቀመር ትሰጡታላችሁ፣ ባይቱን ወደ ቁጥር ይፈታል። ለፋይል ቀላል ነው። ጉዱ ግን መሃል ያለውን ክፍተት ቆጥሮ የመጨረሻውን መተዉ ነው፤ 12 ሳይሆን 10 ይላል። የመጀመሪያው መዝገብ ልክ ወጣልኝ። ከሁለተኛው ጀምሮ ሮቶዬ በደቂቃ ውስጥ ሞልቶ ደርቆ እንደገና ሞላ! ሌሊቱን ሙሉ ሴንሰሩን ስረግም አደርኩ። ቀመሩ መጨረሻ ላይ ኤክስ የምትባለዋን ፊደል ሁለቴ መጨመር ብቻ ነበር።

ሲታይፕስም አብሮ ይመጣል፣ ከፓይተን 2.5 ጀምሮ (እ.ኤ.አ. 2006)። መስኮቹን በክላስ ውስጥ በስም ትዘረዝራላችሁ፤ ያለ ጭቅጭቅ 12 ይላል። ፋይል ብቻም አይደለም፤ የሲ ላይብረሪ የሰጣችሁን ፖይንተር (የሜሞሪ አድራሻ) ተከትሎ ሜሞሪው ላይ ያነባል፣ ይጽፋልም። ግን ሄደሩን (የሲው ስትራክት የተገለጸበትን ፋይል) በእጅ መገልበጥ አለ። አንድ መስክ ብትስቱ የሚነግራችሁ የለም። ዕድለኛ ከሆናችሁ ፕሮግራሙ ይወድቃል፤ ካልሆናችሁ የተሳሳተ ቁጥር ይዛችሁ ትኖራላችሁ።

ሲኤፍኤፍአይ ላይ የሲውን ዲክላሬሽን (የስትራክቱን መግለጫ) እንዳለ ትለጥፋላችሁ። ሁለት መንገድ አለው። በኤፒአይ መንገዱ ኮምፓይለሩ (የሲውን ኮድ ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይረው) ራሱ የስትራክቱን ቅርጽ ያረጋግጣል፤ የተዘጋጀውን ላይብረሪ በቀጥታ በሚከፍተው በኤቢአይ መንገድ ኮምፓይለር አያስፈልግም፣ ማረጋገጫውም የለም። ፓይፓይ (ሌላ ዓይነት የፓይተን ማስኬጃ) ላይ ለምትሠሩ ምርጫው ይኸው ነው። በተራው ፓይተን ላይ ግን ለብቻው ይጫናል።

ለአንድ ሮቶ ሲታይፕስ በቂ ነው፣ እኔም እሱን ይዣለሁ። ሄደራችሁ ብዙ ገጽ ከሆነ ግን ከመጀመሪያው ሲኤፍኤፍአይን ውሰዱ፤ ኔትወርኩ ካስቸገራችሁ መሀል ከተማ ስትወርዱ አውርዳችሁ ተመለሱ።