ሴጅ ደጋን ለኤልክ አደን፦ ገንዘባችሁን ከደጋኑ ይልቅ ፍላጻው ላይ አውጡ

በኮሎራዶ ኤልክ (ትልቅ የአጋዘን ዓይነት) በቀስት የሚታደነው በሴፕቴምበር ነው፤ እንቁጣጣሽም መስቀልም እዚያው ውስጥ ይውላሉ። ዴንቨርና አውሮራ ያላችሁ፣ ባለ መዘውሩን ኮምፓውንድ ደጋን ትታችሁ ባህላዊውን ደጋን ለመያዝ ካሰባችሁ ግዢውን ከፋሲካ በፊት ጨርሱት። የጀርባ ጡንቻ በሁለት ሳምንት አይሠራም።

እዚህ የምናየው ጋላክሲ ሴጅን ነው፤ ቀድሞ ሳሚክ ሴጅ ይባል የነበረው። 62 ኢንች ርዝመት ያለው፣ ተፈታቶ የሚገጠም ሪከርቭ (የክንዶቹ ጫፍ ወደ ፊት የታጠፈ ደጋን) ነው። እጀታው እንጨት፣ ክንዶቹ (ሲሳብ የሚታጠፉት የላይና የታች ክፍሎች) እንጨትና ፋይበርግላስ ተደራርቦ የተጣበቀ። ዋጋው ብዙ ጊዜ ከ200 ዶላር በታች ነው። በዚህ ዋጋ ከዚህ የተሻለ መነሻ ማግኘት ይከብዳል።

ትልቁ ጥቅሙ ክንዱ መቀየሩ ነው። በመሳቢያ ጉልበት ከ25 ፓውንድ ጀምሮ በየ5 ፓውንዱ እስከ 60 ድረስ ይሸጣል። መልመጃ 30 ወይም 35 ገዝታችሁ፣ አያያዛችሁ ሲስተካከል 45 ወይም 50 ጨምሩ፤ እጀታው ያው ነው። ክንዱ ላይ የተጻፈው ቁጥር ግን 28 ኢንች ሲሳብ የሚለካ ነው። ከዚያ በታች ለእያንዳንዱ ኢንች 2 እስከ 3 ፓውንድ ይቀንሳል፤ 26 ኢንች የሚስብ ሰው 45 በተጻፈበት ክንድ 40 ገደማ ነው የሚያገኘው። የኮሎራዶ ሕግ ከ35 ፓውንድ ጀምሮ ይፈቅዳል፤ ወንዱ 300 ኪሎ ለሚደርስ አውሬ ግን ከ45 በታች አንመክርም። ከአቅም በላይ መግዛትም ያው ጥፋት ነው። በብርድ ማለዳ የአዳኙ ጡንቻ ሲተሳሰር እስከ መጨረሻው ሳይስብ ይለቅቃል፣ ፍላጻው ዝቅ ብሎ ይሄዳል።

አሁን ወደ ጉድለቱ። ፋብሪካ የሚሰጠው ገመድ ይሠራል እንጂ ጥሩ አይደለም፤ ይለጠጣል፣ ድምፅም አለው። ገመዱን ጠምዝዛችሁ ከእጀታው ያለውን ርቀት ከ7.5 እስከ 8.25 ኢንች ባለው ውስጥ ፈልጉ፤ ድምፁ የሚቀንስበትን ቦታ ጆሮ ራሱ ይነግራችኋል። ገመድ ስትገጥሙ ስትሪንገር የሚባለውን መግጠሚያ ገመድ ተጠቀሙ። ደጋኑን በእግር መሀል አስገብቶ ማጠፍ ክንዱን ያጣምመዋል፣ የተጣመመ ክንድ ደግሞ አይቃናም። ከገጠማችሁ በኋላ ከኋላ ሆናችሁ እዩ፤ ገመዱ ሁለቱንም ክንዶች መሀል ለመሀል ካልከፈለ ብሎኑን ፈታችሁ እንደገና ግጠሙ።

ፍላጻው ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ሱቅ ውስጥ ያለው ገበታ ለ45 ፓውንድ 500 ስፓይን ካርቦን ይላል (ስፓይን የዘንጉ ጥንካሬ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ዘንጉ ይጠነክራል)፤ ያ ግን ቀላል ጫፍ ለሚጠቀም ነው። ለኤልክ ከፊት ክብደት እንፈልጋለን፣ ከፊት የተጫነ ዘንግ ደግሞ ሲለቀቅ አብዝቶ ይታጠፋል። ስለዚህ 400 ስፓይን ሳይቆረጥ ይጀመር። በኢንች 9 ግሬን የሚመዝን ባለ 30 ኢንች ዘንግ 270 ግሬን ይሆናል። ጫፉ የሚገጠምበት የነሐስ ማስገቢያ 75፣ ጫፉ 200፣ ላባና ኖክ (ገመዱን የሚይዘው የፍላጻው ጭራ) 25 ሲደመሩ 570 ግሬን፣ ማለትም 37 ግራም ገደማ። ይህ ቀስ ብሎ ይበርራል፣ ግን ይገባል። ፈጣኑና ቀላሉ ፍላጻ የጎድን አጥንት ሲነካ ጉልበቱን ያጣል። ፍላጻውን ከኋላ የሚመራው የተፈጥሮ ላባ ይሁን፤ ፕላስቲኩ የደጋኑን ማረፊያ ሲነካ ፍላጻውን ገፍቶ ያዛባዋል፣ ላባ ግን ተኝቶ ያልፋል።

ማስተካከያው እንዲህ ነው። ኖክ የሚይዝበትን ነጥብ ገመዱ ላይ ከቀጥታው ግማሽ ኢንች ከፍ አድርጋችሁ እሰሩ። ላባ ያላቸውን ሦስትና ላባ የሌለውን አንድ ፍላጻ፣ ጫፋቸው እኩል ሆኖ፣ ከ15 ያርድ ልቀቁ። ለቀኝ እጅ ተኳሽ ላባ የለሹ ወደ ቀኝ ከሄደ ዘንጉ ደካማ ነው፤ ሩብ ሩብ ኢንች እየቆረጣችሁ ሞክሩ። ወደ ግራ ከሄደ ጠንካራ ነው፤ የጫፉን ክብደት ጨምሩ። ከሌሎቹ በታች ካረፈ የኖኩ ነጥብ ከፍ ብሏል። ይህን ሳይጨርሱ ስለት (ምላጭ ያለውን የአደን ጫፍ) መግጠም ገንዘብ ማባከን ነው፤ የተዛባውን በረራ ስለቱ ያባብሰዋል።

ስለቱ ባለ ሁለት ምላጭ፣ የማይከፈት የማይዘጋ ይሁን። ሕጉ ቢያንስ 7/8 ኢንች ስፋትና ሁለት የብረት ስለት ይጠይቃል። ሲመታ የሚከፈተው ዓይነት ለመከፈት ብቻ ጉልበት ይበላል፤ ኮምፓውንድ ላይ ችግር ላይሆን ይችላል፣ 45 ፓውንድ ሪከርቭ ላይ ግን የሚተርፍ ጉልበት የለም። ከሳጥኑ እንደወጣ አትመኑት፤ የክንድ ፀጉር እስኪላጭ ሳሉት።

ርቀት? 20 ያርድ፣ አንድ እርምጃ አይጨመር። ጎኑን ሲሰጥ ወይም ትንሽ ዞሮ ከእናንተ ወዲያ ሲያይ ሳንባው ላይ፤ ፊት ለፊት ሲመጣ ዝም ብሎ ማሳለፍ ነው።

ሌላው አማራጭ ደጋን፣ ቤር ግሪዝሊ፣ 58 ኢንች፣ አንድ ወጥ፣ ይበልጥ ያማረና ጥቅጥቅ ባለ ጫካ የሚመች ነው። ዋጋው ግን ከእጥፍ በላይ፣ ክንዱም አይቀየርም፤ የሚስማማውን ፓውንድ አስቀድሞ ለሚያውቅ ሰው ይሁን። ሁለቱንም ቢሆን ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ አትተዉ፤ ሙቀቱ የክንዱን ማጣበቂያ ይለቅቀዋል። ፍላጻ ሳይኖር ስቦ መልቀቅም ክንድ ይሰነጥቃል፤ ልጆች ባሉበት ቤት ገመዱ ይፈታ።