ናፖሊ ላይ የበላሁት ማሪናራ፦ የአንድ ፒዛ ቤት ግምገማ

ቤቱ በጣሊያኗ ናፖሊ አሮጌ ከተማ፣ ከጠባብ መንገዶች በአንዱ ላይ የሚገኝ ሲሆን፣ ያለው ነገር ጥቂት የእብነ በረድ ጠረጴዛዎችና አንድ የእንጨት ምድጃ ብቻ ነው። በር ላይ የተራ ቁጥር ይታደላል፤ እኔም ቁጥሬ እስኪጠራ ከአንድ ሰዓት በላይ በፀሐይ ቆሜአለሁ። ለሚጠባበቅ ሰው ጥላም ሆነ መቀመጫ አለመዘጋጀቱ፣ በተለይ ለአዛውንትና ሕፃን ለያዘ ሰው ከባድ ስለሆነ፣ ቤቱ ሊያርመው የሚገባ ጉድለት ነው። ምግቡ ግን የሚያስቆም ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ማሪናራና ማርጌሪታ የሚባሉትን ሁለት የፒዛ ዓይነቶች አዘዝሁ። የተቀመጥሁት ከምድጃው ፊት ለፊት ስለነበር የጋጋሪውን እጅ በቅርብ ለማየት ቻልሁ። መዳመጫ የሚባል ነገር አልነካም፤ ተድቦልቡሎ የቆየውን ሊጥ በጣቶቹ ጫፍ ከመሐል ወደ ዳር እየገፋ ይዘረጋዋል፤ ይህን የሚያደርገው እርሾው የፈጠረው አየር ሳይጠፋ ወደ ጠርዙ እንዲሰበሰብ ነው። ምድጃ ውስጥ ሲገባ ያ አየር በአንድ ጊዜ ይስፋፋና ናፖሊዎች ኮርኒቾኔ የሚሉት ጠርዝ ይነፋል። ጋጋሪው በረጅም አካፋ አንድ ጊዜ ብቻ አዞረው፤ በሰዓቴ ስቆጥር 80 ሰከንድ ሳይሞላ ሳህኔ ላይ ደረሰ።

ነገሩ ሁሉ ያለው በዚህች አጭር ጊዜ ውስጥ ይመስለኛል። የናፖሊ ምድጃ ወደ 480 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይግላል፤ በዚህ ሙቀት የሊጡ ውጪ እዚህም እዚያም ጠቆር ጠቆር እያለ ሲበስል፣ በውስጡ ያለው ውኃ ተንኖ ለማለቅ ጊዜ አያገኝም። ስለዚህ መሐሉ ለስላሳና እርጥብ ይሆናል፤ በእጅ ሲነሣም ጫፉ ይዘነበላል። ሌላ አገር ደረቅ ፒዛ ለምዶ የመጣ ሰው አልበሰለም ብሎ ሊመልሰው ይችል ይሆናል፤ በስሎአል፣ መሆን ያለበትም እንዲሁ ነው።

ከሁለቱ የምመርጠው ማሪናራውን ነው። ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖ የሚባል መዓዛማ ቅጠልና ዘይት ብቻ እንጂ አይብ የለበትም፤ የቲማቲሙ ኮምጣጣነትና የሊጡ የእርሾ ጣዕም ምንም ሳይሸፍናቸው ይሰማሉ። ማርጌሪታው ላይ ሞዛሬላ የሚባለው እርጥብ አይብ በደንብ ስላልተንጠፈጠፈ ውኃ መሐል ላይ ቋጥሮ ነበር፤ ይህ የጋጋሪው ሳይሆን የአይቡ አያያዝ ጥፋት ነው። እ.ኤ.አ. በ1889 ራፋኤሌ ኤስፖዚቶ የተባለ ጋጋሪ ማርጌሪታ ፒዛን ለመጀመሪያ ጊዜ ለጣሊያን ንግሥት ማርጌሪታ ሠራ የሚለው ታሪክ በየቦታው ይነገራል፤ ይሁን እንጂ የታሪክ ተመራማሪዎች በማስረጃው ላይ ጥርጣሬ አላቸው፣ ቲማቲምና ሞዛሬላ ያለበት ፒዛም ከዚያ በፊት ናፖሊ ውስጥ ይበላ ነበር። የማያከራክረው ፒዛ የከተማው ድሆች ምግብ እንደነበረና አዟሪዎች በየመንገዱ እየዞሩ ይሸጡት እንደነበር ነው።

ከናፖሊ የወጡ ስደተኞች ይዘውት የሄዱት ሊጡን እንጂ ምድጃውን አልነበረም፤ ልዩነቱም የተወለደው ከዚሁ ነው። ኒውዮርክ ላይ መጀመሪያ በድንጋይ ከሰል፣ በኋላም ሙቀቱ ዝቅ ባለ የጋዝ ምድጃ መጋገር ስለተለመደ፣ ፒዛው ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል፤ እርጥቡ ሞዛሬላ በዚያ ጊዜ ውስጥ ሊጡን ስለሚያረጥበው፣ ውኃው የቀነሰ ደረቅ አይብ ተተካ። ውጤቱ እጅ ላይ ታጥፎ በቁራሽ የሚበላው ሰፊ ፒዛ ነው። ቺካጎ እ.ኤ.አ. ከ1943 ጀምሮ በጥልቅ መጋገሪያ ውስጥ የሠራችው ደግሞ ብዙ ደቂቃ ስለሚጋገር፣ አይቡ እንዳያርር ከሥር ተደርጎ ቲማቲሙ ከላይ ይፈስሳል። ዲትሮይት ከጥቂት ዓመታት በኋላ የመኪና ፋብሪካዎች ዕቃ ያስቀምጡባቸው የነበሩትን አራት ማዕዘን የብረት ሣጥኖች ለመጋገሪያ ተጠቀመችባቸው፤ አይቡ ከብረቱ ጋር ተገናኝቶ ዳር ዳሩን ጥርስ ላይ የሚሰበር ቅርፊት ያበጃል፤ ከአሜሪካኖቹ ሁሉ የምወደውም ይህንን ነው።

የአርጀንቲናዋ ቦነስ አይረስ ላይ ከጣሊያኗ ጄኖዋ የመጡ ስደተኞች ዳቦ መሰል ወፍራም ሊጥ፣ ብዙ ሽንኩርትና ብዙ አይብ አንድ ላይ አድርገው ፉጋዜታን አወጡ፤ ከሽምብራ ዱቄት የተጋገረ ፋይና የሚባል ቂጣም ከፒዛው ላይ ተደርቦ ይበላል። ስዊድኖች ኬባብ ያደርጉበታል፤ አናናስ የጨመረበት ደግሞ ግሪክ ተወልዶ ካናዳ ውስጥ ምግብ ቤት የነበረው ሳም ፓኖፑሎስ ነው፣ ዓመቱም እ.ኤ.አ. 1962 ነው። አናናሱን ብዙ ሰው ያወግዘዋል፤ እኔ ግን ጨዋማ ሥጋ አጠገብ ጣፋጭ ነገር መቀመጡ የሚያስነቅፍ ሆኖ አይታየኝም። የሚያስነቅፈው ከቆርቆሮ የወጣው አናናስ ጭማቂው ሳይጠፈፍ ሊጡ ላይ ሲጣል ነው፤ ያ ማርጌሪታዬ ላይ ካየሁት የውኃ ችግር አይለይም።

የናፖሊ ፒዛዮሎዎች፣ ማለትም የፒዛ ጋጋሪዎች፣ ጥበብ እ.ኤ.አ. በ2017 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፍሯል። የተመዘገበው የእጁ ሥራ መሆኑ ተገቢ ነው፤ ከዚያ ወንበር ላይ ሆኜ ያየሁትም ቲማቲሙን ሳይሆን እጁን ነበር።

ወደዚህ ቤት የሚሄድ ሰው ቤቱ ከመከፈቱ ቀደም ብሎ ቢደርስ ወረፋው ያጥርለታል። ማሪናራ ይዘዝ፤ ከመጣለትም በኋላ ፎቶ ሲያነሣ አይቆይ፣ ጠርዙ ከደቂቃዎች በኋላ እንደ ጎማ ይሆናልና። ቦታ ያጣ ሰው ደግሞ በካርቶን ተዘግቶ እንዲሰጠው አይጠይቅ፤ እንፋሎቱ ሊጡን ያላሽቀዋል። የሰፈሩ ሰዎች እንደሚያደርጉት ለአራት አሳጥፎ፣ በወረቀት ይዞ፣ እዚያው በር ላይ ቆሞ ይብላው።