ኪስ የሚገባ፣ ሥራ የማይፈራ ሰንጢ፦ የትኛው ይሻላል?

ባለፈው ክረምት የድርቆሽ ገመድ ስቆርጥ ሰንጢዬ እጄ ላይ ታጠፈ። ገመዱ እርጥብ ነበር። ስለቱ መሃል ላይ ያዘ። ለማስለቀቅ በጀርባው በኩል ገፋ ሳደርገው መቆለፊያው ከዳኝ። ሌባ ጣቴ ሦስት ስፌት ተሰፋ።

ሰንጢው ገና ሁለት ሳምንቱ ነበር። ጥቁር፣ ወፍራም፣ ጀርባው የመጋዝ ጥርስ ያለው፣ ሲያዩት ብቻውን የሚዘምት የሚመስል። የሸጠልኝ ልጅ «ጋሼ፣ ይሄ ወታደር የሚይዘው ነው» ብሎኝ ነበር። የየትኛው አገር ወታደር እንደሆነ አልጠየቅኩትም።

እንጦጦን ተሻግሬ ሱሉልታ ላይ ጥቂት ላሞች አረባለሁ። ጎን ለጎን የማያልቅ ቤት እየሠራሁ ነው። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ቢላ ከእጄ አይጠፋም። የፉርሽካ ማዳበሪያ ይከፈታል። ሲባጎ ይቆረጣል። የውሃ ጎማ ይስተካከላል። የአጥር እንጨት ይቀረፋል። ከሰዓት ደግሞ በዚያው ቢላ ብርቱካን ይላጣል፤ ታጥቦ ነው፣ አትሳቁ። ሰበታም ሆነ ለገጣፎ፣ ግቢ ያለው ሰው ሥራው ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ከዚያ ጣት በኋላ በሰንጢ ነገር ትንሽ አበዛሁት። ገዛሁ፣ ተዋስኩ፣ ከውጭ አስመጣሁ። ሚስቴ «ለአንድ ሲባጎ ስንት ቢላ ነው?» ትለኛለች። እውነቷን ነው። እናንተ ግን እኔ በከሰርኩበት እንዳትከስሩ የደረስኩበትን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ መቆለፊያው

ሰው ሰንጢ ሲገዛ ስለቱን በአውራ ጣቱ ይዳስሳል። ስለት ቢደነዝ ይሳላል። መቆለፊያ ግን አይሳልም። ታጣፊ ቢላ መሃሉ ላይ መገጣጠሚያ አለው፤ ድክመቱ ያለው እዚያ ነው። ብረቱ የቱንም ያህል ቢወፍር፣ መገጣጠሚያው ከላላ ጌጥ ነው።

ሱቅ ውስጥ እንዲህ አድርጉ። ሰንጢውን ክፈቱና ስለቱን በጀርባው በኩል ይዛችሁ ነቅነቅ አድርጉት። ወደ ጎን ትንሽ ቢንቀሳቀስ ብሎኑን በማጥበቅ ይስተካከላል። ወደ ላይና ወደ ታች ከተንቀሳቀሰ ግን መቆለፊያው በደንብ አልገጠመም፤ መልሱለት። ቀጥሎ ጣታችሁን ስለቱ ከሚታጠፍበት መንገድ አውጡና የስለቱን ጀርባ እንጨት ላይ ቀስ ብላችሁ መታ መታ አድርጉት። በዚህ የታጠፈ ሰንጢ አይገዛም። ሻጩ ሊቆጣ ይችላል። ይቆጣ።

መንገድ ላይ በብዛት የሚሸጡት ባለ ላሜራ ናቸው። ሰንጢው ሲከፈት ከእጀታው ውስጥ አንድ ቀጭን ላሜራ ወደ ጎን ትፈናጠርና ከስለቱ ግርጌ ስር ትደገፋለች። የምትደገፍበትን ቦታ አጎንብሳችሁ እዩ። ጫፏ ብቻ ከነካ፣ እንደ እኔዋ አንድ ቀን ትንሸራተታለች። ወዲያኛው ዳር ድረስ ከሄደች ደግሞ ተበልታ አልቃለች። ጥፋቱ የላሜራው ዓይነት አይደለም። በደንብ የተሠራ ባለ ላሜራ ዓመታት ያገለግላል፤ በአንድ እጅ መዝጋትም ይቻላል። የእኔው ግን ላሜራዋ ከቆርቆሮ ትንሽ ብቻ የምትወፍር ነበረች።

ኦፒኔል ወይስ በክ?

ብዙ ያመነታሁት በእነዚህ ሁለቱ መካከል ነው። እንደ ቀንና ሌሊት የተለያዩ ናቸው።

ኦፒኔል ፈረንሳይ፣ ሳቮይ ከሚባል ተራራማ አገር የመጣ የገበሬ ሰንጢ ነው። ከ1890 ጀምሮ ይሠራል። እጀታው እንጨት ነው። በቁጥር ይሸጣል፦ 8 ቁጥሩ ስለቱ 8.5 ሳንቲ ሜትር፣ 10 ቁጥሩ 10 ሳንቲ ሜትር ነው። 8 ቁጥሩ 45 ግራም ገደማ ብቻ ይመዝናል። ከፈረንጅ ዶሮ እንቁላል ይቀላል። መጀመሪያ እጄ ላይ ሲያስቀምጡልኝ መጫወቻ መስሎኝ ነበር።

ሲቆርጥ አይታችሁ ነው ሐሳባችሁን የምትቀይሩት። ስለቱ ውፍረቱ 2 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ቀጭን ስለት ወደሚቆርጠው ነገር ሳይታገል ይገባል። እኔን ያቆሰለኝ ወፍራሙ ሰንጢ የተጣበቀበትን እርጥብ ገመድ ኦፒኔሉ አንዴ ሳብ ሲያደርጉት ይጨርሰዋል። በነገራችን ላይ፣ ለመቁረጥ ጉልበት የሚጠይቅ ቢላ ነው እጅ የሚያቆስለው።

መቆለፊያው ቀለበት ነው። በ1955 የተጨመረለት ነው። ከከፈታችሁ በኋላ ቀለበቱን በጣታችሁ ታዞሩታላችሁ፣ ስለቱ መመለሻ ያጣል። የሚበላሽ ነገር የለውም ማለት ይቻላል። ችግሩ፣ ማዞሩን ከረሳችሁ መቆለፊያ የለም። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ሁልጊዜ ይረሳዋል። ለእሱ ዓይነት ሰው ኦፒኔል አልመክርም።

ሌላው ጣጣ ክረምት ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሱሉልታ እንዴት እንደምትሆን ታውቃላችሁ። እንጨቱ እርጥበት ይጠጣና ያብጣል፤ ስለቱ እጀታው ውስጥ ተነክሶ አልወጣም ይላል። የሳቮይ ሰዎች ለዚህ ዘዴ አላቸው። የእጀታውን ቂጥ ጠንካራ ነገር ላይ ኳ ያደርጉታል፣ ስለቱ ትንሽ ብቅ ይላል፣ ከዚያ በጣት ይወጣል። ሞክሬዋለሁ፣ ይሠራል። በጋ ሲገባ እንጨቱ ወደ ቦታው ይመለሳል።

ሲገዛ «ኢኖክስ» የሚል የተጻፈበትን ምረጡ፤ የማይዝገው ማለት ነው። የካርቦኑ ለመሳል ይቀላል። ግን አንድ ብርቱካን ከላጠ ይጠቁራል፣ እርጥብ ኪስ ውስጥ ካደረ ይዝጋል።

በክ 110 አሜሪካዊ ነው። ከ1960ዎቹ ጀምሮ ይሠራል። ነሐስና እንጨት፣ ከቆዳ አፎት ጋር። ስለቱ 9.5 ሳንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ክብደቱ 200 ግራም ገደማ ነው፤ ከአራት ኦፒኔል በላይ። የሚቆለፈው በጀርባው ነው። ሲከፈት ቀጭ ይላል፤ ያ ድምፅ ያኮራል፣ አልዋሽም። ጉልበት ጫን የሚሉበት ሥራ ላይ፣ የባህር ዛፍ ቅርንጫፍ ስትጠርቡ ወይም ወፍራም ጎማ ስትቆርጡ፣ እጅን ሞልቶ ይያዛል፤ ንቅንቅ የለም።

ግን ጭቃ አይወድም። የጀርባው መቆለፊያ የሚገባበት ጎድጓዳ አለ። እዚያ የድርቆሽ ብናኝ ወይም ጭቃ ከተጠቀጠቀ ቁልፉ ሙሉ በሙሉ አይወርድም። የተቆለፈ ይመስላል እንጂ አልተቆለፈም። በሳምንት አንዴ በክብሪት እንጨት ጥረጉት። ሁለት ጠብታ የስፌት መኪና ዘይትም አይጎዳውም። ደግሞ ለመክፈት ሁለት እጅ ይፈልጋል። አንድ እጃችሁ ጥጃ ከያዘ፣ በክ አይከፈትም።

የእኔ ፍርድ? ከግቢ የማይወጣ ሰው በክ ይግዛ። ጠዋት ግቢ ውሎ ከሰዓት በሚኒባስ ከተማ የሚወርድ ሰው ኦፒኔል ይሻለዋል። በዋጋም ኦፒኔሉ በብዙ ይረክሳል።

ቀዩ የስዊዝ

ቪክቶሪኖክስ ሲባል ሁሉም አንድ ይመስለናል። አይደለም። ብዙ ሰው የሚያውቀው፣ ተዘግቶ 91 ሚሊ ሜትር የሆነው፣ ዋናው ስለቱ መቆለፊያ የለውም። በሞላ ብቻ ነው የሚቆመው። ለብርቱካንና ለፖስታ ጥሩ ነው። ለከባድ ሥራ የሚታሰበው 111 ሚሊ ሜትሩ ነው፤ ዋናው ስለቱ ይቆለፋል።

ብረቱ ለስለስ ያለ ነው። የብረት ጥንካሬ በሮክዌል ይለካል፤ የእነሱ 56 አካባቢ ነው። ቶሎ ይደነዝዛል፣ ግን በማንኛውም የመሳያ ድንጋይ በአምስት ደቂቃ ይመለሳል፤ አይሸረፍም። መጋዝ ያለበትን ካገኛችሁ ቀጭን የባህር ዛፍ እንጨት እንደ ቅቤ ይጨርሳል። እውነቱን ልናገርና እኔ ከሁሉ በላይ የምጠቀመው ካቻቪቴውን ነው።

መርካቶ ቀይ እጀታና ነጭ መስቀል ያለው ሰንጢ ሞልቷል። መስቀሉን አትመኑ። የእውነተኛው ዋና ስለት ግርጌ ላይ የድርጅቱ ስም ተቀርጿል። ሲዘጋም ሞላው ጥርት ባለ ድምፅ ነው የሚመልሰው፤ የውሸቱ ይንገጫገጫል።

«ስቴንለስ ነው»

ማንኪያም ስቴንለስ ነው። ያ ቃል ስለ ስለቱ ምንም አይነግራችሁም። «440» ብቻ ተጽፎበት ካያችሁም አትደሰቱ። የብረት ዓይነት መለያ ቁጥር ነው፤ ኤ፣ ቢ እና ሲ የሚባሉ ዓይነቶች አሉት፤ ኤ ለስላሳው፣ ሲ ጠንካራው ነው። ፊደሉን ካልጻፉት ብዙ ጊዜ ምክንያት አላቸው።

አሁን አሁን ከቻይና ዲ2 በሚባል ብረት የተሠሩ ባለ ላሜራዎች ይመጣሉ። ጥንካሬያቸው ወደ 60 ይጠጋል። ስለታቸው ይቆያል፣ ያ እውነት ነው። አንዴ ከደነዘዙ ግን መሳል አበሳ ነው። የአልማዝ መሳያ ከሌላችሁ ይቅርባችሁ። ከዝናብ ጋርም ሙሉ በሙሉ አይስማሙም፤ ሊዝጉ ይችላሉ።

ስለ መሳል ካነሳን፣ ጎማ በእግሩ እያሽከረከረ በየሰፈሩ የሚዞረው ሰውዬ ቀስ ብሎ ነው የሚስለው፤ እሱን እመኑት። ብረታ ብረት ቤት ወስዳችሁ በግራይንደር ማስፈጨት ግን ሰንጢውን መግደል ነው። ጫፉ በሙቀት ሰማያዊ ከሆነ ጥንካሬው ሄዷል። አንድ ጥሩ ሰንጢ እንዲህ አጥፍቻለሁ።

ታጣፊ ባይሆንስ?

«ጠንካራ ሰንጢ» ከሚጠይቁኝ ሰዎች ግማሹ የሚፈልጉት ሰንጢ አይደለም። ሚስማር ሊፈነቅሉበት፣ እንጨት በመዶሻ እየመቱ ሊፈልጡበት ነው። ለዚህ ምንም ታጣፊ አይግዙ። ከመኪና ባሌስትራ የተቀጠቀጠ ቢላ፣ ከቆዳ አፎት ጋር፣ ይበቃቸዋል። ባሌስትራ ጎብጦ መመለስ የለመደ ብረት ነው፤ በቀላሉ አይሰበርም። መሃሉም መገጣጠሚያ የለውም። ምናለሽ ተራ ሄዳችሁ ጠይቁ።

ለቅርጫም እንዲሁ። አንድ ጎረቤቴ ለፋሲካ በሬ ላይ አዲሱን ታጣፊውን ይዞ መጣ። ስብና ደሙ መገጣጠሚያው ውስጥ ገባ። እስከ ጰራቅሊጦስ ይሸት ነበር።

ፍተሻ

ባንክ ስትገቡ፣ መሥሪያ ቤት ስትገቡ ትፈተሻላችሁ። ኦፒኔል ያየ ጥበቃ ብዙ ጊዜ ፈገግ ብሎ «ሲወጡ ይወስዳሉ» ይላል። ቀበቶ ላይ በአፎት የተንጠለጠለ በክ ያየ ግን ጥያቄ አለው። ኪስ ጠርዝ ላይ ክሊፑ የሚታይ ጥቁር ሰንጢም ታክሲ ውስጥ ሰው ያሸሻል። አዝራር ሲጫኑት የሚፈናጠረውን ደግሞ ጭራሽ አትግዙ፤ ለሥራ የሚጨምረው ነገር የለም፣ ለማስረዳት ግን ከባድ ነው።

ከውጭ የሚያመጣላችሁ ዘመድ ካለ፣ ሰንጢውን የሚጫነው ሻንጣ ውስጥ እንዲከተው ደጋግማችሁ ንገሩት። አጎቴ በእጅ ቦርሳው ይዞት ሊሳፈር ሲል ተቀሙት። የመጀመሪያው በኬ አሁንም አንድ የአውሮፓ ኤርፖርት ውስጥ ነው ያለው።