የልጃችንን የንግግር ባለሙያ ላመስግን፣ ለወላጆችም ልጠቁም

ልጃችን ሦስት ዓመት ሊሞላው ትንሽ ሲቀረው የሚናገራቸው ቃላት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። የምንለው ሁሉ ይገባዋል። የሚፈልገውን ግን እጃችንን ጎትቶ ያሳየናል እንጂ አይናገርም። ዘመድ ጎረቤቱ በየበኩሉ ያጽናናናል። «ወንድ ልጅ አፉን የሚፈታው ዘግይቶ ነው» ይሉናል። ምላሱ ሥር ያለችውን ክር አስቆርጡለት ያሉንም አሉ። ሁሉም በቅን ልብ ነው፤ ጭንቀታችንን ግን አላቀለለውም።

ይህን የምጽፈው ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ባለ አነስተኛ ክሊኒክ የምትሠራ የንግግርና ቋንቋ ሕክምና ባለሙያን ለማመስገን ነው። ስሟ በአደባባይ እንዲወጣ ስላልፈለገች አልጻፍኩትም።

መጀመሪያ የወደድኩላት አለመቸኮሏን ነው። ሕክምናውን ከመጀመሯ በፊት ወደ ጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ሐኪም ላከችን። ስንጠራው መዞሩ ብቻውን በቂ አይደለም አለችን። ከጆሮው ታምቡር ጀርባ ፈሳሽ የተጠራቀመበት ልጅ ድምፅ ይሰማል፤ ቃሉ ግን ጠርቶ ላይሰማው ይችላል። ደግነቱ የልጃችን ጆሮ ደህና ነው። ምላሱንም አይታ የሚቆረጥ ነገር እንደሌለው ነገረችን። ስለ ኦቲዝም ስንጠይቃት ምን ምን እንደምታይ በግልጽ አስረዳችን፤ በአንድ ቀን እይታ ግን ስም አልለጠፈችበትም። (ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን የመሠረቱት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ፣ ነፍሳቸውን በገነት ያኑርልንና፣ ይህን ጥያቄ ሳንሸማቀቅ እንድንጠይቅ ብዙ ደክመዋል።)

ከዚያ ልጄን ይዛ ምንጣፍ ላይ ቁጭ አለች። የሳሙና አረፋ ትነፋለታለች። አረፋው ሲያልቅ ዝም ብላ ዓይን ዓይኑን እያየች ትጠብቃለች። እኔ እቁነጠነጣለሁ፤ እሷ ግን አትቸኩልም። «ፉ» ሲላት ወዲያው ትነፋለታለች። ልጅ አንድን ድምፅ ሁልጊዜ ለአንድ ነገር ከተጠቀመበት እንደ ቃል እንደሚቆጠር የነገረችን እሷ ናት። ውሻ ሲያይ «ሀው» ማለቱም ለካ ቃል ነበር!

ከሁሉም በላይ የማመሰግናት ግን ስለ እናቴ ነው። እኔና ባለቤቴ ሥራ ስለምንውል ልጁ የሚውለው ከአያቱ ጋር ነው። ይህን ስትሰማ «እማማን ይዛችሁልኝ ኑ» አለች። እናቴ ተሸማቅቃ ነው የገባችው። በጉራጊኛ ስለምታዋራው ነው አፉ የዘገየው የሚል ወሬ ደርሷት ኖሯል። ባለሙያዋ ብድግ ብላ ተቀበለቻት። «እማማ፣ እኔ ጋ የሚቆየው ትንሽ ነው፤ ቀኑን ሙሉ የሚያዋሩት እርስዎ ነዎት» አለቻት። ሁለት ቋንቋ መስማት ልጅን ከመናገር እንደማያዘገይ ነግራ በሚቀናት ቋንቋ እንድታወራው አደራ አለቻት። የእናቴ ፊት ሲፈታ አየሁ።

ያስተማረቻት የቤታችንን ነገር ነው። ቡና ሲፈላ ሲኒውን እያነሱ ስሙን መጥራት። «ይሄ ምንድን ነው? በል እስቲ!» እያሉ አለማስጨነቅ። ሙዝና ዳቦ ይዞ «ሙዝ ነው ዳቦ?» ብሎ መጠበቅ። «ዳቦ» ካለ «ትኩስ ዳቦ» ብሎ አንድ ቃል ጨምሮ መመለስ። እናቴ ከእኛ በላይ ጎበዝ ወጣላት።

ዛሬ ልጄ «እማማ ነይ» ይላል፣ «ሌላ ሙዝ» ይላል። እንጀራን «እንጀላ» ነው የሚለው፤ «ር» ከሚዘገዩት ድምፆች አንዱ ስለሆነ አትጨነቁ ብላናለች። ገና ይቀረዋል፣ ክትትሉም አልተቋረጠም። እሷም በዚህ ጊዜ ያልቃል ብላ ቃል ገብታልን አታውቅም። እንዲያውም ቤት ውስጥ በደንብ መሥራታችንን ስታይ ቀጠሮውን ራሷ አራራቀችው። ገንዘባችንን ያሰበችልን ያህል ነው የተሰማኝ። እጅሽ ይባረክ፣ እህቴ።

ልጃችሁ ሁለት ዓመት ሞልቶት ወደ 50 ገደማ ቃላት ከሌሉት፣ ወይም ሁለት ቃል ማገጣጠም ካልጀመረ፣ ይደርሳል ብላችሁ አትቆዩ። ጆሮውን አስመርምሩለት፣ ባለሙያም ይየው። ላንቃቸው ተሰንጥቆ ለተወለዱ ልጆች ደግሞ የካቲት 12 ሆስፒታልን ጠይቁ።

ክሊኒኩ ከለገሃር ባቡር ፌርማታ በእግር ቅርብ ነው። አድራሻውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። የቅዳሜ ጠዋት ቀጠሮ ቶሎ ይሞላልና ቀደም ብላችሁ ደውሉ። ልጁን የሚይዝላችሁን ሰው አብራችሁ ውሰዱ።